ሦስተኛ ፎቅ፣ የደቡብ ግድግዳ

«የሦስተኛውን ፎቅ የደቡብ ግድግዳ ያበላሸው ግንበኛው አያሌው ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ ማልታው ውስጥ ሲሚንቶ ጨምሯል» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጻፈብኝ። ውሸት ነው። ግድግዳው መበላሸቱ እውነት ነው። ሲሚንቶ መጨመሩም እውነት ነው፤ የጨመርኩትም በገዛ እጄ ነው። «ማንንም ሳያስፈቅድ» የምትለዋ ናት ውሸቷ። በእሷ ምክንያት ከሦስት ዓመት በላይ ከሙያዬ ተባርሬ ኖሬአለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ስካፎልድ አልወጣም ካለኝ ቆይቷል፤ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት አንዘረጋም ይሉኛል። ቁጭ ማለት ደግሞ አላውቅበትም። ልጄ ሳሮን ቤት ውስጥ ስንጎራደድ አይታ «አባዬ፣ ጁስት ራይት ኢት ዳውን፤ ዩ ኖው፣ ስለ ሥራህ» አለችኝ። እሺ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ሰው ደስ ለማሰኘት አልጽፍም። የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ማንበብ የጀመርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እንጀራ የሚያበላኝ ጀርባዬ ነበር። ሱዳን ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ ጡብ ተሸክሜአለሁ። ዴንቨር ስገባ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ፤ ቀጥሎ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቆምኩ። ከፓርኪንጉ ትይዩ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ከአናቱ እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ላሜራ ለብሷል። ላሜራው ዱሮ ሰማያዊ ነበር መሰለኝ፤ በእኔ ጊዜ ብዙ የታጠበ ጂንስ መስሎ ነበር። መስኮት የለው፣ ምን የለው። ሥሩ ዊግ የሚሸጥ ሱቅና ቼክ የሚመነዝር ቤት ነበሩ። ያን ሕንፃ ለዓመታት ፊት ለፊቴ እያየሁት ቆሜአለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ከዚህ ቆርቆሮ ሥር ምን ይኖር ይሆን?» ብዬ አላውቅም። መኪና ነበር የምቆጥረው።

ግንበኛ ያደረጉኝ ጋሽ ክፍሎም ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጣሊያኖች ሥር ሆነው ሙያውን ተምረዋል፤ በአማርኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። የተዋወቅነው ከዴንቨር ጎን፣ ኦሮራ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሲሠራ ነው። ምእመኑ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ይሠራ ነበር፤ እኔ ጡብ አቀብላለሁ።

«አንተ ሰውዬ» አሉኝ፣ «ጡቡን እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው። ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ከማንም የተማረ ይሻላል። ሰኞ ከእኔ ጋር ና።»

እሳቸው የሚሠሩበት ድርጅት የድሮ ሕንፃ የሚያድስ ነው። ስሙን አልጠራም። ክፍያው ከፓርኪንጉ ይሻል ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ ክፍያ የምለው የለኝም።

ጋሽ ክፍሎም አንድ ግድግዳ ከመንካታቸው በፊት ይተዋወቁታል። በመዳፋቸው ይደባብሱታል። በሁለት ጡብ መካከል ያለውን ማልታ፣ ማለት ጡብን ከጡብ የሚያያይዘውን ልጥፍ፣ በጥፍራቸው ይፍቁትና ምላሳቸው ላይ ያደርጉታል። «ኖራ» ይላሉ። ወይም ይተፉትና «ሲሚንቶ፤ የሰነፍ ሥራ» ይላሉ። አሜሪካኖቹ ይስቁባቸው ነበር። ናሙናው ላብራቶሪ ተልኮ ሲመጣ ግን ያው እሳቸው ያሉት ነው።

ያረጀ ማልታ ሲወጣ በመሮና በመዶሻ ነው፤ ግራይንደር አያስነኩም። «ግራይንደር ዓይን የለውም፤ ጡቡንም ይበላዋል» ይላሉ። ከዚያ ግድግዳውን ውሃ ያጠጡታል። የጠማው ጡብ የማልታውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋልና። ከዚያ አዲሱን ማልታ በቀጭን ማንኪያ፣ ስስ ስስ አድርገው፣ ሦስት ጊዜ ይጠቀጥቁታል። ይኼን ሥራ በጣሊያንኛው ስቲላቱራ ነው የሚሉት። ማልታው ሲጠነክር አውራ ጣታቸውን ይጫኑበታል። አሻራው ታትሞ ጣታቸው ንጹሕ ከወጣ፣ ማለስለሻው ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ከደረሰ አይጠብቅም፤ ምሳም ይቅር። በመጨረሻ ጆንያ አርሰው ያለብሱታል፣ እንደ በሽተኛ። ቀኑ ሲያልቅ መንገዱን ተሻግረው ወዲያ ማዶ ይቆማሉ። «ግንብ ከቅርብ ይሠራል፣ ከሩቅ ይታያል» ይሉኛል።

ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። በምሳ ሰዓት የኖራ ከረጢት ወረቀት ይቀድዱና በአናጢ እርሳስ ይጽፉልኛል። «ግንበኛ ሆኖ ፊደል አለማወቅ ነውር ነው። ፊደልም ረድፍ ነው፤ ረድፍ ከያዝክ ግድግዳው ይመጣል።» አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ ማንበቡን ግን ያስተማሩኝ በትግርኛ አፋቸውን የፈቱ ሰው ናቸው። ይኼ ነገር ዛሬም ያስቀኛል። እንግሊዝኛውን በኋላ ኦሮራ የአዋቂዎች ክፍል ገብቼ ጨመርኩት።

ብዙ ሕንፃ አብረን ሠራን። በፈረንጅ 2012 ያ ላሜራ የለበሰው ሕንፃ ተራው ደረሰ። አዲስ ባለቤት ገዝቶት፣ የዱሮ መልኩ ይመለስልኝ አለ።

ላሜራው የወረደ ቀን ዳውንታውን ግማሹ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ከሥሩ ቀይ ጡብ ወጣ። በየመስኮቱ ዙሪያ ቡናማ የአሸዋ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቅጠል የተቀረጸበት ረድፍ። ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ላሜራውን የገጠሙት ሰዎች ቆርቆሮው ዝርግ ብሎ እንዲተኛላቸው፣ ወጣ ወጣ ያለውን ድንጋይ ሁሉ በመዶሻ ቀጥቅጠው አርግፈውታል። ጡቡን በስተው ብረት አስረውበታል። ጋሽ ክፍሎም የተሰበረውን ቅጠል ነክተው «ይኼን ያደረገ ሰው ምሳውን በላ፣ ደመወዙን ተቀበለ፣ ቤቱ ገባ» አሉ።

የደቡቡ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የጥንት ማስታወቂያ ነበረበት። ለጋሽ ክፍሎም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ጫማ... ባርኔጣ... የወንዶች...»

«የወንዶች ምን?»

«ጠፍቷል፤ አይነበብም።»

«ሱሪ ይሆናላ፤ ጫማና ባርኔጣ ብቻ አድርጎ የሚሄድ የለም።»

አንዲት ነጭ አሮጊት አጠገባችን ቆመው ነበር። ይኼ ሕንፃ ቆርቆሮ ሲለብስ ሕፃን ነበርኩ፣ እናቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጓንት ትሸጥ ነበር አሉን። መስኮቱን በጣታቸው ቆጥረው አሳዩን። ከዚያ ወዲህ ሥራው የእኛ ብቻ አልመስለኝ አለ።

ሥራውን የምትቆጣጠረው አርክቴክት ማርጋሬት የምትባል ሴት ነበረች። ጥብቅ ናት። ትእዛዟ አንድ ነው፦ ማልታው እንደ ጥንቱ ኖራና አሸዋ ብቻ፤ ሲሚንቶ አይገባም። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነውና። የጥንት ጡብ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ማልታው ከጡቡ የለሰለሰ ከሆነ ውሃው በማልታው በኩል ይወጣል። ማልታው ሲሚንቶ ሆኖ ከጠነከረ ግን በሩ ተዘጋ። ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል። በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ያኔ የጡቡ ፊት ተልጦ ይወድቃል። ደቡብ ደግሞ የባሰ ነው። የዴንቨር ክረምት ሌት ያቀዘቅዛል፣ ቀን ፀሐዩ ያቀልጣል፤ አንድ ግድግዳ በአንድ ሳምንት ሰባት ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ሰባት ጊዜ ይቀልጣል።

ይኼን ሁሉ አውቅ ነበር። ያወቅኩትም ከጋሽ ክፍሎም ነው።

ምሥራቁን ጨረስን፤ ደቡቡን ጀመርን። 2013 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የቀረን ሦስተኛው ፎቅ ነበር። ኖራ ብርድ አይችልም፤ ሳይጠነክር ብርድ ካገኘው ይሞታል። ወይ ሸፍኖ ማሞቅ ነው፣ ወይ እስከ ሚያዝያ ማቆም። ባለቤቱ ሁለቱንም አልፈለገም፤ ከታች ሬስቶራንት ሊከፈት ነው። ፎርማናችን ራንዲ የሚባል የእንግልውድ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ዓርብ ዓርብ ዶናት ያመጣልን ነበር። ስካፎልዱ ላይ ወጣና ጋሽ ክፍሎምን «ኪፍ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አድርጉበት፤ ቶሎ ይያዝልንና እንገላገል» አላቸው።

ያን ቃል ከስንት ፎርማን አፍ ሰምቻለሁ። ጋሽ ክፍሎም ሁልጊዜ አንድ ነው የሚሉት፤ «ኖ» ብለው ማንኪያቸውን ያጥባሉ። ያን ቀንም «ኖ»ዋን ጠበቅኩ። እሳቸው ቁልቁል ወደ መንገዱ አዩ።

«ኦኬ» አሉ። «ትንሽ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በአማርኛ «አያሌው፣ በየብጥብጡ አንድ አካፋ ጨምር» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ራንዲ አጠገባችን ቆሟል። በእኛ አገር ታላቅ ሰው በባዕድ ፊት አይታረምም። ያስተማረህን ሰው ፈረንጅ ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ልብሱን ማስወለቅ ነው። ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ዋጥኩት። በምሳ ሰዓት ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ጋሽ ክፍሎም» አልኩ። «አቤት» አሉ። ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ሻይ ላምጣልዎት?» አልኩና ሄድኩ። ይኼው ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አካፋ በአካፋ ጨመርኩበት። አሜሪካዊ ግንበኛ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይጮህ ነበር፤ ግድግዳውም ይድን ነበር። እኔ ጨዋ ነበርኩ።

ለምን እሺ እንዳሉ ያኔ አልገባኝም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ካረፉ ዓመት አልሞላም ነበር። ሥራ ከቀረባቸው የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ነው። ዓይናቸውም እየጠፋ ነበር። ወረቀት ሲሰጣቸው «መነጽሬን ረስቼዋለሁ፤ አንብብልኝ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኔ ሞኙ ማንበቤን ሊፈትኑኝ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ራንዲ ግን ነቅቶባቸዋል። «ኪፍ፣ ማረፊያህ አልደረሰም?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ያን ቀን «ኖ» ቢሉት በማግስቱ ወደ ቤት ሊሸኛቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር።

ማርች ላይ ጠዋት ስንመጣ እግረኛ መንገዱ ላይ ቀይ ስብርባሪ ተበትኗል። ቀና አልኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጡቡ ፊቱ ተልጦ፣ ማልታው ብቻ እንደ አጥንት ወጥቶ ቆሟል። ጫማና ባርኔጣ የሚለው ጽሑፍ ግማሹ መሬት ላይ ነው። አንድ ስባሪ አነሣሁ። ነጭ ቀለም አለበት። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በእጄ የሞተ ጡብ አላየሁም ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሁላችንንም ስብሰባ ጠሩን። ማርጋሬት አለች፣ ራንዲ አለ፣ የድርጅቱ ሰዎች አሉ። ሲሚንቶውን ማን ጨመረ ተባለ። «እኔ» አልኩ። ማን ፈቀደልህ ተባለ። ጋሽ ክፍሎምን አየኋቸው። እሳቸው ይናገሩ ብዬ ነው፤ በእኔ አፍ ከሚወጣ በእሳቸው ይውጣ ብዬ። ራንዲ ቀደመና «የእኔ ሰዎች ሲሚንቶ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ» አለ። ማርጋሬት ጋሽ ክፍሎምን ጠየቀቻቸው። ጠረጴዛውን እያዩ «አላስታውስም» አሉ።

አላስታውስም! የስንት ዓመት ሕንፃ ኖራውን በምላሳቸው የሚያስታውሱ ሰው።

እኔም ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አሰናበቱኝ።

ሪፖርቱ በፖስታ መጣልኝ። ሃቫና ስትሪት አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጌ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ወሰደብኝ። ስሜን አገኘሁት። ማንበብ ባልችል ኖሮ አንድ ሰው እያለዘበ ያነብልኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩበትን ቀን ረገምኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ሕንፃው እስካለ ድረስ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። የዚህ ከተማ የድሮ ሕንፃ ሠራተኞች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የትም ሄጄ ስሜን ስሰጥ «እንደውልልሃለን» ነው። ከዚያ ወዲህ የሱቅ ጀርባ በብሎኬት ስሠራ ኖርኩ፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት። ሥራ ነው፤ ልጅ አሳድጌበታለሁ። ግን ከሥራው ስወጣ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም።

ሕንፃውስ? የተላጠውን ጡብ ለሚያውቅ ሰው ከመስጠት ይልቅ ጥቁር ግራጫ ቀለም ቀቡት። ምሥራቁ ቀይ፣ ደቡቡ ቀይ፣ መሐሉ ላይ አንድ ግራጫ መጣፊያ። አምሮበታል ያሉ ነበሩ፤ ዘመናዊ ነው አሉ። ለእኔ ግን ቀለሙ ውሃውን ይበልጥ እንደሚያፍነው ግልጽ ነበር። ዳውንታውን ስሄድ በሌላ መንገድ እዞር ጀመር።

ከጋሽ ክፍሎም ጋር ሰላምታ አቋረጥኩ። ቤተ ክርስቲያን እሳቸው በቀኝ ከቆሙ እኔ በግራ እቆማለሁ። ሰው አየ፤ ሰው አወራ። በ2017፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጋሽ ክፍሎም ሽማግሌ ላኩብኝ።

ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማዬ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ተናጋሪው አቶ መኩሪያ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ፣ አስታርቀው የማይደክማቸው ሰው። ጋሽ ክፍሎም እንደ ወጉ ታች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«አያሌው፣ መሐላችሁ ሰይጣን ነው የገባው» አሉ አቶ መኩሪያ።

«ሰይጣን አይደለም፤ ሲሚንቶ ነው» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ መኩሪያ ገላመጧቸው።

«እሳቸው ጥፋታቸውን አምነዋል። እኔ ነኝ ጨምር ያልኩት ብለዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ዕድሜያቸው ሄዷል። ይቅር በል። ለእግዜር ብለህ፣ ለእኛ ብለህ።»

«ለማን ነው ያመኑት?»

«ለእኛ ነዋ።»

«የተከሰስኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ታርቄ ምን ይሆነኛል? እናንተ ግንበኛ ትቀጥራላችሁ? ያቺ ወረቀት እናንተን ትሰማለች?»

«ታዲያ ምን ይሁንልህ ነው የምትለው?»

«ለእናንተ ያሉትን ለአርክቴክቷ ይበሉላት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «በዚህ ዕድሜያቸው ፈረንጅ ፊት እናዋርዳቸው?» አሉኝ። እሱ ነበር ነገሩ፤ እኔንም ዝም ያሰኘኝ ያው ወግ ነው። «ያኔ ላለማዋረድ ብዬ ነው የተዋረድኩት» አልኳቸው። አንዳቸው ወርደው ጋሽ ክፍሎምን ደግፈው አመጧቸው። በሩ ላይ ቆመው «አያሌው፣ ድንጋይ ልሸከምልህ?» አሉኝ። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው።

«ድንጋይ ስንሸከም አይደል የኖርነው» አልኩ። «እርስዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። የምፈልገውን ነገሯቸው።

«እሄዳለሁ» አሉ። «ከለተብርሃን ጋር ስገናኝ አላስታውስም አልላትም።»

ማርጋሬት ለምን እንደ ቀጠረችን አላውቅም፤ ምናልባት ገርሟት ይሆናል። ሽማግሌዎቹ «ያላለቀ እርቅ አንተውም» ብለው አብረው መጡ። አቶ መኩሪያ ስንት ዓመት ታክሲ በነዱበት ዳውንታውን ፓርኪንግ አጥተው ሦስት ጊዜ አዞሩን። አምስት ሽማግሌ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሱፍ በከረባት ለብሰን ከሊፍት ወጣን። ማርጋሬት አየችንና ፊቷ ተለወጠ።

«ጠበቆችህ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም። እነሱ... ሽማግሌዎች ናቸው» አልኩ። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

«እሱንስ አያለሁ» አለች።

ጋሽ ክፍሎም አልተቀመጡም። ጠረጴዛውን በእጃቸው ይዘው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ተናገሩ። ራንዲ ጠየቀኝ አሉ። እኔ ኦኬ አልኩ። አያሌውን ጨምር አልኩት። ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። ዓይኔ እየጠፋ ነበር፣ ፈራሁ። ሲጠይቁኝ አላስታውስም አልኩ፤ አስታውስ ነበር። ሲጨርሱ አቶ መኩሪያ ተነሥተው ወንበር ሳቡላቸው። የቆየ ቂሜን ያኔ ልያዘው ብል እንኳ የምይዝበት እጅ አልነበረኝም።

ማርጋሬት ጻፈች። ራንዲ ሌላ ስቴት ገብቷል፣ እጠይቀዋለሁ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? ስህተት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አቶ መኩሪያ ዘንበል ብለው በአማርኛ «ታዝዤ ነው በልና ውጣ፤ ነጻ ወጥተሃል» አሉኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት። «ከዚያ ስካፎልድ ላይ ከነበሩት ሁሉ ጤነኛ ዓይን ይዞ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

ሽማግሌዎቹን አየሁ። «መምህሬ ናቸው» አልኳት። ማርጋሬት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በጁላይ ደወለች። የሕንፃው ባለቤት ግራጫው ግድግዳ ከውስጥ በኩል ውሃ ማስገባት ስለጀመረ እንዲታደስ ተስማምቷል፤ ትሠራዋለህ? አለችኝ። ከሁለት ግንበኞች ጋር ወጣሁ። ቀለሙን ጡቡን በማይበላ መድኃኒት አነሣን። ሲሚንቶውን በመሮ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ፈለፈልኩት፤ ዘጠኝ ቀን ያስገባሁትን ለማውጣት ሰባት ሳምንት ፈጀ። ፊቱ የተላጠውን ጡብ አውጥተን ገለበጥነው። ከመቶ ዓመት በላይ ፀሐይ ያላየው ጀርባው ፊት ሆነ፤ ከጎረቤቱ ይልቅ ደመቅ ያለ ቀይ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ጫማ» የሚለው ተርፏል፤ ባርኔጣው ሄዷል። በዚህ አጥፍቻለሁ፤ አይመለስም። ብርድ ሳይገባ በንጹሕ ኖራ ዘጋነው።

ስካፎልዱ በወረደ ቀን ጋሽ ክፍሎም የአቶ መኩሪያን ክንድ ይዘው መጥተው ነበር። «ምን ይመስላል?» አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። መጣፊያው ያስታውቃል አልኩ። «ያስታውቅ» አሉ።

ማርጋሬት ለሪፖርቱ አንድ ተጨማሪ ገጽ ጽፋ እንድፈርምበት ላከችልኝ። አሁንም በጣቴ አነበብኩት፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ፎርማኑ እንደጠየቀ፣ ዋናው ግንበኛ እንደፈቀደ ይላል። ስለ እኔ ደግሞ «አያሌው የታዘዘውን ፈጽሟል» ይላል። እዚያ ላይ ያቆማል። የቀረውን ለእኔ ብላ ነው የተወችው፤ ደግ ሴት ናት። ሳሮን «አባ፣ ሳይን ኢት! ዩ ዋን!» አለችኝ።

አልፈረምኩም። አውቶቡስ ይዤ ዳውንታውን ወረድኩና ገጹን መለስኩላት። የጎደለውን ነገርኳት።

«ይኼ እኮ በፋይሉ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል» አለችኝ።

«ሕንፃውም ይኖራል» አልኩ።

እዚያው ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ግንበኛው ሲሚንቶው ጡቡን እንደሚያበላሽ ያውቅ ነበር፤ አልተናገረም።» አትማ ሰጠችኝ። አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ፈረምኩ። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ኖቬምበር 16፣ 2017።